ሦስታችን የገዛነውን ቶርክ ሬንች ማመን አቃተኝ፤ ላሠራው ወይስ ሌላ ልግዛ?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ጅማ ነው። አጂፕ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። የቤት መኪናና አባዱላ እሠራለሁ። ከጎኔ ጎሚስታ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ እኩያዬ የሆነ የባጃጅ ሜካኒክ አለ። ግቢውን የተከራየነው ሦስታችን ነን፤ ምሳም አብረን ነው የምንበላው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ገንዘብ አዋጥተን ከአዲስ አበባ መርካቶ አንድ ቶርክ ሬንች (ቡሎንን በተለካ ኃይል የሚያጠብቅ መፍቻ) አስመጣን። ባለ ግማሽ ኢንች ነው፤ ከ28 እስከ 210 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይላል። ልኩ ሲደርስ ጠቅ የሚለው ዓይነት ነው። የፈለገ ያነሳዋል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምንም ችግር አልነበረንም።

አሁን ግን ማመን አቃተኝ። አንዳንዴ ጠቅ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ብስበው ብስበው ዝም። ባለፈው ወር የአንድ አባዱላ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) በእሱ አሰርኩ። መኪናው ብዙም ሳይቆይ ውሃ እየጨረሰና እየሞቀ ተመለሰ። ስከፍተው ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። በራሴ ወጪ ደግሜ ሠራሁለት። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው፣ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እጀታው ላይ ቀድሞ ያልነበረ ጉድፍ አይቻለሁ። የጎሚስታው ረዳት ሲሚንቶ ላይ ሳይጥለው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ግን አላየሁም። ጎሚስታውን ጋሼ ነው የምለው። ከሊሙ ስመጣ ማደሪያ የሰጠኝ እሱ ነው። የእቁባችንም ዳኛ እሱ ነው። ምን ብዬ ልጠይቀው? የባጃጁ ልጅ ደግሞ «ይሄ ነገር ከመጀመሪያውም አይሠራም» ይላል።

እዚሁ ከተማ አንድ ሰው «ሞላውን ቀይሬ አዲስ አደርግልሃለሁ» ብሎኛል። ባለቤቴ «የራስህን ግዛና ቆልፍበት» ትላለች። ደህና የሚባለውን ልግዛ ካልኩ የሁለት ወር የጋራዥ ኪራይ ይበላብኛል። ገዝቼ ከቆለፍኩበት «ተለየን» ይሉኛል። ገዝቼ ካዋስኩ ደግሞ ይሄኛውም ዓመት አይሞላም። ምን ይሻለኛል?

እንቅልፍ ያጣው፣ ከጅማ

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ከምክሩ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባዱላውን ደግመህ ስትሠራ ቴስታታውን በምን አሰርከው? ደብዳቤህ ይህን አይናገርም። በዚያው ቶርክ ሬንች ከሆነ እንቅልፍህን የወሰደው እሱ ይመስለኛል። ወደ እሱ እመለስበታለሁ። ለዛሬ ግን መሣሪያውን ከሥራ አውጣው። ለማንም ሳትቆጣ ሳጥኑ ላይ «እስኪፈተሽ አንጠቀምበት» ብለህ ጻፍና አስቀምጠው። ለሁለቱም በቃል ንገራቸው። ይህን ለማለት ማን እንደጣለው ማወቅ አያስፈልግህም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። እኔ ሜካኒክ አይደለሁም። ጉዳዩን ከሙያው ሰዎች ጋር ተነጋግሬበት ነው የምጽፍልህ። እነሱም መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር አንተ ያላሰብከው ይመስለኛል። «መሣሪያው በእርግጥ ተበላሽቷል?» ነው ያሉኝ። ሦስት ሰው የሚጠቀምበት ቶርክ ሬንች ሳይበላሽም የተበላሸ ሊመስል ይችላል።

እስቲ የባጃጁን ልጅ አስበው። የባጃጅ ሞተር ላይ ያሉት ትንንሽ ቡሎኖች ብዙዎቹ 10፣ 20፣ ቢበዛ 30 ኒውተን ሜትር የሚፈልጉ ናቸው። የእናንተ መሣሪያ ደግሞ እስከ 210 የሚሄድ ነው። ጠቅ የሚል ቶርክ ሬንች ከትልቁ ቁጥሩ አንድ አምስተኛ በታች ሲሆን እምነት አይጣልበትም። በእናንተ መሣሪያ ይህ 42 ገደማ ነው። እዚያ ታች ድምፁ በጣም ቀጭን ነው፤ የግቢ ጫጫታ ይውጠዋል። እጅም ላይ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ልጁ «ከመጀመሪያውም አይሠራም» ማለቱ ውሸት አይደለም። ለእሱ ሥራ ያ መሣሪያ ድሮም አይሆንም ነበር። ለእሱ የሚያስፈልገው ትንሹ ነው፣ ባለ ሩብ ወይም ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንቹ።

ሌላም አለ። እጀታው ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር ካለ፣ አንዱ ኒውተን ሜትር ሌላው ፉት ፓውንድ ነው። 1 ፉት ፓውንድ 1.36 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። አንዳችሁ 100ን በአንዱ ረድፍ፣ ሌላችሁ በሌላው ብታነቡ በሁለታችሁ መካከል ያለው ልዩነት ከሲሶ በላይ ነው። የቪትዝና የኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚታሰረው። ያንን በፉት ፓውንድ ረድፍ ላይ የሞላ ሰው 140 እያሰረ ነው፤ ውሎ አድሮ የዳዶው ፊሌቶ (ጥርሱ) ይበላል። ምሳ ላይ እንደ ዋዛ ጠይቃቸው፦ «እናንተ የትኛውን ነው የምታነቡት?» በል። መልሱ ሊያስገርምህ ይችላል።

ሦስተኛው ጎማ ቤት ውስጥ የሚለመደው ነገር ነው። የጠበቀ ዳዶ ሲያስቸግር ረጅም እጀታ ያለው ሁሉ መፍቻ ይሆናል። ቶርክ ሬንች ግን ለማሰሪያ ብቻ ነው። የዛገ ዳዶ ለመፍታት የሚፈልገው ኃይል ከመሣሪያው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ቱቦ ሰክተውበት ከሆነማ አለቀለት። እንዲሁም ሞላው በ150 ተጨምቆ ሳጥን ውስጥ ካደረ ቀስ በቀስ ይደክማል። ሥራ ሲያልቅ ወደ ትንሹ ቁጥር ይመለሳል፤ ከትንሹም በታች ግን አይፈታም። እነዚህን ነገሮች ከእናንተ መካከል ስንቱ ያውቃል? አብሮት የመጣውን ወረቀት ያነበበ አለ? ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ሳጥኑ በተከፈተ ቀን የት እንደገባ አይታወቅም።

ቀጥሎ ፈተናው። ይህን ሳታደርግ ስለ ሞላ ለዋጩም ስለ አዲስ ግዢም አትወስን። የሚያስፈልግህ ሞርሳ (ብረት አጥብቆ መያዣ)፣ ሜትር፣ ገመድ፣ ጀሪካንና ትክክለኛ ሚዛን ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ ሚዛን አይጠፋም፤ አንዱን ቡና ነጋዴ ለምነው። ጀሪካኑን ከነገመዱ ሚዛን ላይ አስቀምጥና ልክ 20 ኪሎ እስኪሆን ውሃ ሙላበት።

ቶርክ ሬንቹን ለፈተናው ከማዘጋጀትህ በፊት ከፍ ባለ ቁጥር አራት አምስት ጊዜ ጠቅ አድርገው። ቆይቶ የተነሳ መሣሪያ ውስጡ ያለው ግራሶ ስለሚረጋ የመጀመሪያዋ ጠቅታ ትዋሻለች። ከዚያ ቡሶላ (ቡሎኑ ላይ የሚገባው ቁራጭ) የሚገባበትን አራት ማዕዘን ጫፍ ሞርሳው ላይ በጎን በኩል አጥብቀህ ያዘው። እጀታው መሬቱን ተከትሎ አግድም ይዘርጋ። ክብደቱ ወደ ታች ሲስብ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ እንዲሆን ጥርሱን አስተካክለው። እጅህ በሥራ ጊዜ የሚያርፍበትን የእጀታ መሃል ፈልግና ከአራት ማዕዘኑ መሃል እስከዚያ ለካ። 45 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ገመዱ እዚያች ላይ ይንጠልጠል፤ እንዳይንሸራተት በቴፕ ያዘው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ኪሎ በ9.81 ሲባዛ 196 ኒውተን ይሆናል። እሱን በ0.45 ሜትር ስታባዛ 88 ኒውተን ሜትር ታገኛለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ይሳሳታል። መሣሪያው ራሱም ክብደት አለው። ጣትህ ላይ አመጣጥነው፤ ሳይዘነብል የቆመበት ቦታ ከአራት ማዕዘኑ 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና መሣሪያው 1 ኪሎ ተኩል ቢመዝን ሌላ 3 ኒውተን ሜትር ይጨምራል። ድምሩ 91 ነው። ያንተን መሣሪያ ትክክለኛ ቁጥር ራስህ ለክተህ ተካበት።

አሁን ቶርክ ሬንቹን 80 ላይ ሙላውና ጀሪካኑን በቀስታ ልቀቀው። በቀስታ ያልኩህ ምክንያት አለው፤ ዱብ ካደረግከው ያለ ልኩ ይጮሃል። ጠቅ ካለ አንሳው፣ ቁጥሩን ትንሽ ጨምር፣ እንደገና ልቀቀው። እንዲህ እያልክ ድምፁ የሚጠፋበትን ቁጥር ፈልግና ጻፈው። ከዚያ ከ80 ጀምረህ አምስት ጊዜ ያህል ድገመው፣ እያንዳንዱንም ጻፍ። አይኤስኦ 6789 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የሚፈቅደው ስህተት ወደ ላይም ወደ ታችም 4 በመቶ ነው። ስለዚህ በ91 ከ87 እስከ 95 ባለው ውስጥ ከወደቀ መሣሪያህ ደህና ነው። የጀሪካን ፈተና የላቦራቶሪን ያህል ጥራት እንደሌለው ግን አትርሳ። አንድ ሁለት ቁጥር ቢያልፍ አትደንግጥ።

ውሳኔህን የሚሰጥህ ይህ የጻፍከው ወረቀት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሚስት ከሆነ፣ ለምሳሌ አምስቱንም ጊዜ 100፣ 101፣ 100 ላይ ካቆመ መሣሪያው በሽታው አንድ ነው፤ ይታረማል። አንዴ 84፣ አንዴ 103፣ አንዴ ጭራሽ ዝም ካለ ግን ውስጡ ተበልቷል ወይም ተሰነጣጥቋል። እንዲህ ያለውን ማንም ቢነካካው የነገ ዋስትና የለህም። እኔ ብሆን ለእሱ አንድ ብር አላወጣም።

ሌላም ለይተህ ማየት ያለብህ ነገር አለ። ድምፁ ነው የሚጠፋው ወይስ ጥርሱ ነው የሚዘለው? ስትስበው «ከር» ብሎ በባዶው የሚዞር ከሆነ ችግሩ የመሣሪያው ጭንቅላት ላይ ያለው ጥርስ ነው። እሱ ለብቻው ይቀየራል። መለዋወጫው ከተገኘ ርካሽ ነው፣ የሞላውንም ልክ አይነካም። በዚህ ጊዜ መጠገን ግልጽ ትርፍ ነው።

ሞላ ለዋጩን በተመለከተ ሰውየውን አላውቀውም፣ እጁም ጥሩ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ «ከገጠምከው በኋላ ልኩን በምን ታረጋግጥልኛለህ?» ሞላው ምን ያህል ተጨምቆ ሲገባ የትኛውን ቁጥር እንደሚሰጥ የሚታወቀው በመፈተሻ ማሽን ነው። ያለ መፈተሻ የተገጠመ ሞላ ጠቅ ይላል፤ ጠቅታው 100 ላይ ይሁን 130 ላይ ግን ማንም አያውቅም። «በእጄ አውቀዋለሁ» ካለህ አመስግነውና ተለየው። በእጅማ አንተም ታውቃለህ፤ ቶርክ ሬንቹ የተገዛውም ለዚህ አልነበረም።

በደንብ ይታረም ካልክ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው። የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የመለኪያ መሣሪያዎችን የሚፈትሸው እዚያ ነው። ከመላክህ በፊት ደውለህ የአንተን ዓይነት መሣሪያ ይቀበሉ እንደሆነና ዋጋውን ጠይቅ። እዚያው ጅማ ቂጦ ፉርዲሳ ያለው የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ወርክሾፕም ጎራ በል። ቢያንስ የተፈተሸ ቶርክ ሬንች ካላቸው የአንተን ከእሱ ጋር ማስተያየት ትችላለህ። መጠየቅ አያስከፍልም። የማጓጓዣው፣ የፍተሻውና የሥራው ወጪ ተደምሮ የአዲሱን ግማሽ ካለፈ ግን አታድክም፣ ለውጠው። የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ የሦስት ሰው እጅ የተፈራረቀበት መሣሪያ ነው። ያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ራሱ እንኳ በየዓመቱ ወይም 5000 ጊዜ ከሠራ በኋላ እንደገና ይፈተሽ ይላል።

ስለ መሣሪያው ይህን ካልኩ ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ።

የጎሚስታው ረዳት ጥሎት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። አላየሁም ብለሃል፤ ያላየኸውን ነገር በሆድህ ይዘህ አብረኸው ምሳ እየበላህ ነው። ልጁን ባየኸው ቁጥር ፊትህ እየተለወጠ እንደሆነ እገምታለሁ። ጋሼም ሳይታወቀው አይቀርም፤ ሽማግሌ ነገር ያነባል። አስበው፣ ልጁ ጥሎት ቢሆን ያልተናገረው ለምን ይመስልሃል? ዋጋውን ክፈል ይሉኛል፣ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ፈርቶ አይሆንም? ቶርክ ሬንች ከወደቀ መፈተሽ እንዳለበትስ የነገረው ሰው አለ? ብዙዎች «ብረት ነው፣ ምን ይሆናል» ብለው አቧራውን አራግፈው ይመልሱታል።

ስለዚህ «ማን ጣለው?» የሚለውን ጥያቄ ጣልልኝ። መልሱ ቢገኝም መሣሪያውን አያድነውም። ትርፉ አንድ ወጣት ማሸማቀቅና ጋሼን ማስቀየም ነው። በምትኩ ፈተናውን ብቻህን አታድርግ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሦስታችሁም ባላችሁበት፣ ረዳቱም ባለበት አድርገው። ጀሪካኑን ረዳቱ ይዞ ይልቀቀው። ቁጥሩን የባጃጁ ልጅ ይጻፍ። ጋሼ ቆሞ ይይ። መሣሪያው ራሱ ሲናገር አንተ ማንንም መክሰስ አይኖርብህም። «የእኔ አባዱላ ተመልሶብኝ ነው ይህን ማየት የፈለግኩት» ብለህ ጀምር። እውነቱ ይህ ነው፤ ማንም ላይ ጣት አይቀስርም። ምናልባት ልጁ እዚያው «አንዴ ወድቆብኝ ነበር» ይል ይሆናል። ካለ አመስግነው። ሌላ ቃል አትጨምር።

ጋሼን ለብቻው ቀድመህ ማናገር ከፈለግክም ጥሩ ነው። ባለውለታህ ስለሆነ በሰው ፊት ድንገት እንዳይሆንበት ማሰብህ ተገቢ ነው። ጠዋት ቡና ስትጠጡ «ጋሼ፣ ያ ቶርክ ሬንች አሳስቦኛል፤ ቅዳሜ አብረን እንፈትሸው ይሆን?» በለው። ልጁን አታንሳ። እቁቡንም አታንሳ። እሱ እንዴት አየኸው ካለህ የአባዱላውን ነገር ንገረው። ትልቅ ሰው ነው፣ ቀሪውን ይጨርሰዋል።

አሁን ባለቤትህ ስላለችው ነገር። እውነቷን ነው፤ ግማሹን። አንተ ቴስታታ የምታስር ሰው ነህ። በአንተ ሥራ ላይ ስህተት ከመጣ ሞተር ይበላል። ለቴስታታ የምትጠቀምበት መሣሪያ ያንተ ብቻ መሆኑ መለየት አይደለም። ጋሼስ የራሱን ኮምፕረሰር ጎማ ለማይነፋ ሰው አሳልፎ ይሰጣል? «ቆልፍበት» የሚለው ግን በዝምታ ከተደረገ ያስቀይማል። ሳጥን ተቆልፎ ሲያዩት ምን እንደሆነ ራሳቸው ይተረጉሙታል፤ ትርጉሙም ለአንተ አይመችም። ቀድመህ ተናገር፦ «ይህን ለቴስታታ ብቻ ነው የገዛሁት፤ አላዋስም፣ ለእናንተም ሥራ አይሆንም። ለጎማ የጋራውን እናስተካክል» በል። አንዴ በግልጽ ከተባለ ቅሬታው ቢኖርም ያልፋል።

ለጋራ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ባለ ጠቋሚውን ግዙ። ያ ዘንጉ ሲታጠፍ ቀጭን ዘንግ ቁጥር ላይ የሚያመለክተው የድሮው ዓይነት ነው። ውስጡ የሚጨመቅ ሞላ የለውም፤ ተጨምቆ አደረ የሚባል ነገር አይኖርም። ቢወድቅ ጠቋሚው ዜሮ ላይ አይመለስም፤ መበላሸቱን ማንም ያየዋል። ቀና ሲያደርጉት ደግሞ ይመለሳል። ርካሽም ነው። ጉድለቱ ቁጥሩን ከፊት ለፊት ማንበብ የግድ መሆኑ ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ያስቸግራል። ለጎማ ዳዶ ግን ከዚህ የተሻለ የጋራ ዕቃ አላውቅም። የምትገዙትን ጠቅ የሚል መሣሪያም ስትጠራጠሩ በእሱ ታመሳክሩታላችሁ። ሦስታችሁ ብታዋጡ ኪስ አይጎዳም። የባጃጁ ልጅ ግን ትንሹን ለራሱ እንዲገዛ ምከረው። ይሄኛው ለእሱ አሁንም ትልቅ ነው።

ያንተን ስትገዛ አትቸኩል። የአንድ ወር ኪራይ ያህል አስቀምጥና ሌላውን ከሚቀጥለው እቁብ ጨምርበት። እስከዚያ ቴስታታ ከመጣ ከሌላ ጋራዥ የተፈተሸ ተዋስ ወይም ሥራውን ለሁለት ቀን አቆየው። ሻጩ ዘንድ የፍተሻ ወረቀት ጠይቅ። ወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥርና ብረቱ ላይ የተቀረጸው አንድ መሆን አለባቸው። አብዛኛው ሥራህ ከ60 እስከ 140 ባለው ውስጥ ከሆነ እስከ 200 የሚሄደው ይበቃሃል። እስከ 350 የሚለው «ትልቅ ነው፣ ይበልጣል» ብለው ቢያሳዩህ አትውሰድ። እንደገባ ጀሪካኑ ላይ ፈትነውና ቁጥሩን ሳጥኑ ክዳን ላይ ጻፈው። በየጊዜው የምታስተያየው ከዚያ ጋር ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ለብረት አይራራም፤ ደረቅ ቦታ ይደር።

በመጨረሻ ወደ አባዱላው እንመለስ። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለው በቶርክ ሬንቹ ብቻ ነው ብለህ አትፍረድ። ቴስታታው ፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑ ተለክቶ ነበር? ቶርኖ ቤት ገብቶ ነበር? የቡሎኖቹ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ቀርቶ ነበር? የድሮዎቹን ቡሎኖች ነው የመለስካቸው? ብዙ ሞተሮች መጀመሪያ በቶርክ (በተለካ ኃይል)፣ ከዚያ ቡሎኑን 90 ዲግሪ በማዞር፣ እንደገና 90 ዲግሪ በማዞር ነው የሚታሰሩት። እንዲህ የሚታሰር ቡሎን ይለጠጣል፤ ርዝመቱ ከተፈቀደው ካለፈ በትክክለኛው ቶርክ ብታስረውም አይዝም። ራስህን ከመውቀስህ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ እይ።

ባለቤቱን ግን ዛሬ ደውልለት። ጥሩ ሰው ነው ብለሃል። «ያሰርኩበትን መሣሪያ ስለተጠራጠርኩ መኪናውን ላየው እፈልጋለሁ፤ አላስከፍልህም» በለው። ክብርህ የሚቀንስ መስሎህ እንዳትፈራ፤ ደንበኛ እንዲህ የሚደውልለት ሜካኒክ ብዙ አያጋጥመውም። ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ከሆነ ደግሞ የጊቤ በረሃ ዳገት ላይ ሞቆ ሰው ይዞ ከሚቆም አንተ ጋ መጥቶ ቢቆም ይሻለዋል። ሲመጣም መፍቻ አንስተህ በላዩ ላይ አትጨምርበት፤ በዲግሪ የታሰረን ቡሎን እንደገና መጫን ማበላሸት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ ውሃው ጎድሎ እንደሆነ እይ። ሞተሩን አስነሳና ውሃው ላይ የማያቋርጥ አረፋ የሚወጣ እንደሆነ ተመልከት። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ሳብና ዘይቱ ወተት መስሎ እንደሆነ አረጋግጥ። ሁሉም ደህና ከሆነ በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃውን እንዲያይ ንገረውና ሸኘው። አረፋ ካየህ ወይም ውሃው ጎድሎ ካገኘኸው ግን ያመንከው ቶርክ ሬንች እጅህ እስኪገባ ድረስ አትክፈተው።